ወደ ታች ነበር የሚቀድመው

ቆቦ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአዛኙና በሩኅሩኁ አላህ ስም።

ለወንድሜ ለመንሱር፦ ይህች ወረቀት በጤና ታግኝህ። በሰው አገር ስትወጣ ስትገባ መላእክት ይከተሉህ፤ እንጀራህን ከክፉ ዓይን፣ ጉልበትህን ከብርድ አላህ ይጠብቅልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባ ሰላም ብሎሃል። «ሟች ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው ልጅ ዘጋኝ» እያለ ሲያማርር የተዘጋው ኔትወርኩ እንጂ አንተ እንዳልሆንክ ነግሬዋለሁ። ያመነኝ አይመስለኝም።

ዳታ ከጠፋ ስምንት ወር አልፎታል። ስልኩም በሳምንት አንድ ቀን ብልጭ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ጻፍኩልህ። የአክስታችን ልጅ ሀስና ሽንኩርት ጭና ልትመለስ ነው፤ አዲስ አበባ ስትገባ በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች። አንተም ለእሷ ላክላት። አሳትማ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለዘካሪያስ ትሰጥልኛለች።

የአምናውን ጎርፍ ሰምተሃል፤ ያልነገርንህ ግን አለ። ያን ቀን ሰማዩ በዞብል ተራራ በኩል ሳይሆን በላይ፣ በደጋው በኩል ሲጠቁር ወንዙ ዳር የምትኖረው ኢቅራ አባን «ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?» ብላ ጠይቃው ነበር። አባ የውሃ አባት ነው፤ ቦዩ የት እንደሚቆረጥ፣ ደራሽ ውሃው የማን ማሳ ላይ እንደሚለቀቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወሰነው እሱ ነው። «ተቀመጪ፣ እዚህ አይደርስም» አላት። ደረሰ። የሦስት ዓመት ልጇን ከእቅፏ ወሰደባት።

ከዚያ ወዲህ አባ ወንዙ ድረስ ይሄዳል፣ ቆሞ ያያል፣ ይመለሳል። ሰው ስለ ውሃ ሊጠይቀው ሲመጣ «ሌላ ጠይቁ» ይላል። ሌላ የለም። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው።

ባለፈው መስከረም የጥናት ሰዎች መጥተው ወንዙን በምትበር ካሜራ አንስተውት ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ልጆቹ አልጋ ሥር ገቡ፤ ምን እንዳስፈራቸው አንተም ታውቀዋለህ። ሰዎቹ ሁለት ምስል በፍላሽ ሰጥተውኝ ሄዱ። አንዱ ባለ ቀለም ነው፤ ጣሪያው፣ ማሽላው፣ ሾላው ሳይቀር ይታያል። ሌላው ግራጫ ነው፤ ከፍ ያለው መሬት ነጣ፣ ዝቅ ያለው ጠቆር ይላል። ውጤቱን እንልካለን ብለው ነበር። እስካሁን የለም።

አንተ በምትሠራበት ፋብሪካ የሴራሚክ ስንጥቅ በካሜራ የሚለይ ፕሮግራም ትጽፋለህ ተብያለሁ። ስንጥቅ ካገኘህ ወንዙ የሚሰብርበትን ቦታ አታጣም ብዬ ነው። ፍላሹን ሀስና ይዛዋለች። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ከጦርነቱ ወዲህ የሉም፤ እኔ ግን ባለ ቀለሙን ምስል ወልዲያ ባነር ቤት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አሳትሜዋለሁ። ቦታውን ብቻ ንገረኝ፣ እኔ በማስመሪያ ለክቼ አገኘዋለሁ። የሒሳብ መምህር አይደለሁም እንዴ?

አባ ይህን መጻፌን ያውቃል። «ይሁን፣ የማይሳሳት ነገር ካለ ይምጣ» አለ። እንዲህ ብሎ ተናግሮ አያውቅም፤ ፈራሁለት።

የአጎትህ ልጅ፣ እህትህ ሰልዋ


ኮንያ፣ ቱርክ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016

ቢስሚላህ።

እታለም፣ የአላህ ሰላም አንቺንም፣ አባባንም፣ የአገራችንን ምድርም ይሙላው። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ የኢቅራ ልጅ ጋ ስደርስ ከመውረጃዬ አለፍኩ። ለአባባ እንዳልዘጋኋቸው ንገሪልኝ። በእኔ ሞት፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ምስሎቹ ደርሰውኛል። ስድስት ቀን ከሥራ ስወጣ እየተቀመጥኩ ጨረስኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምስል ማለት ለኮምፒውተር የነጥብ ማሳ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች፤ የየራሷ አድራሻም አላት፣ ሁለት ቁጥር። በግራጫው ምስል እያንዳንዷ ነጥብ የመሬቱን ከፍታ ይዛለች። ፕሮግራሜ በወንዙ ዳርና ዳር ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ እያየ፣ ዳርቻው ከወንዙ ወለል ዝቅ የሚልበትን ለየልኝ። ደራሽ ሲመጣ የሚሰብረው እነዚያን ነው።

ቦታዎቹን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ለሀስና ልኬላት ነበር። ማተሚያ ቤት ብትወስደው ጥቁር በጥቁር ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያወጣውን ቁጥር እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

የምስሉ መጠን፦ 4000፣ 4016

የሚሰብርባቸው፦
1214፣ 1198
880፣ 3105
932፣ 3260
1010፣ 3342

ከላይኛው ግራ ጥግ ጀምረሽ ቁጠሪ። አንድ ነገር አደራ፦ ቆጠራው ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያዋ ነጥብ አንድ አይደለችም፣ ዜሮ ናት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ከሆነልሽ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ኮፒ ላኪልኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን ላድስ ስሄድ ጠየቁኝ። የሚያሳስብ ነገር የለም።

ወንድምሽ መንሱር


ቆቦ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016

በአላህ ስም፣ ምስጋናም ለእሱ።

መንሱርዬ፣ አላህ እጅህን አይንሳን፤ ዘርህ ይባረክ፣ በሄድክበት ሁሉ በር ይከፈትልህ። አረፋን በሰላም ዋልን። አባ ሰላም ብሎሃል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት፣ በአንተ ምክንያት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ባነሩን መስጊዱ ግቢ ውስጥ ዘረጋነው። የሰፈሩ ሰው ዙሪያውን ቆመ። አራት ሺህ ነጥብ በሁለት ሜትር ላይ ስለሆነ አንዱ ሚሊሜትር ሁለት ነጥብ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛውን ወደ ታች ለካሁ። ማስመሪያው የቆመበት ላይ እስክሪብቶ አደረግኩ። አባ በእንብርክኩ ሄዶ አጎንብሶ አየውና «ይሄ የኢቅራ ቤት የነበረበት ነው። አምና የሰበረበት!» አለ። እውነትም የፈረሰው አጥር ይታያል። «ቱርክ አገር ሆኖ የኢቅራን ደጃፍ አገኘው!» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ባነሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠር?

ሦስቱ ቁጥሮች የወደቁት በታችኛው ግራ በኩል ነው፣ ደረቁ ቦይ አጠገብ። አምና ቤቷ የፈረሰባት ኢቅራም የተጠጋችው እዚያው ነበር፤ አሥራ አራት አባወራ ይኖርበታል። ሰው ፊቱ ጠቆረ። አባ ብቻ «በዚያ ቦይ ውሃ ሲያልፍ አላየሁም» ብሎ ጀመረና ተወው። «አምናም አላየሁም ብዬ ነበር» አለ።

ከአንተ ቁጥሮች አንድም ያልወደቀበት ሰፊ ቦታ ከወንዙ ማዶ ያለው የሾላው ሜዳ ነው፣ በላይኛው ቀኝ በኩል። አሥራ አራቱም ወደዚያ ተሻገሩ። ጣሪያቸውን ነቅለው፣ እህላቸውን ተሸክመው፣ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። እማማ ደመቀች «እኔ ከማርያም ጠበሌ ርቄ አልሄድም» ብለው አስቸግረው ነበር፤ አባ ላማቸውን ራሱ ነድቶ ወሰደላቸው። ኢቅራም ጆንያዋን ተሸክማ ተሻገረች። ይህ ለእሷ ሦስተኛ ቤቷ ነው።

የውጤትህን ኮፒ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ለአባ መነጽር ብትገዛለት ደስ ይለኛል፤ ባነሩን በየቀኑ እየዘረጋ ያየዋል፣ ዓይኑ ግን አይረዳውም።

አሁን ይዝነብ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብን አልፈራሁም።

ሰልዋ


ኮንያ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2016

እታለም፣

ሰላምታዬን አላህ ያድርስልኝ፣ አሁን ጊዜ የለኝም። ይህን እንዳነበብሽ ተነሺ። ሌላውን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ።

የሾላው ሜዳ ላይ ያሉትን አስወጪ። አሥራ አራቱንም። ዛሬውኑ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። «የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ ቀኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ደብዳቤውን ጥዬ ስልኬን አነሣሁ። እንዲህ አይደለም፣ እታለም። መጀመሪያው ወደ ታች ነው።

ምስል የምናነብበት ላይብረሪ አለ፤ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ እኛ የምንጠቀምበት የፕሮግራም ስብስብ ማለት ነው። የምስሉን መጠን ስትጠይቂው ቁመቱን ያስቀድማል፣ ወርዱን ያስከትላል። 4000 ቁመቱ፣ 4016 ወርዱ ነው። አንዲትን ነጥብ ስትጠሪም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ስንተኛው ረድፍ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ስንተኛው ዓምድ። አንቺ ክፍልሽ ውስጥ የምታስተምሪው የተገላቢጦሹን ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ! ማን ቢሆን እንደ አንቺ ነው የሚለካው።

880 ወደ ታች፣ 3105 ወደ ቀኝ። ማስመሪያሽን አምጥተሽ ለኪው። ሾላው ሥር ነው የሚወድቀው። ሦስቱም እዚያው ናቸው።

የመጀመሪያውን ጥንድ ቁጥር ስትለኪ በትክክል የኢቅራ ቤት ላይ የወደቀው 1214 እና 1198 ስለሚቀራረቡ ነው፤ ብትገለብጪያቸውም ያው ቦታ ነው። የምስሉም ወርድና ቁመት እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ስለዚህ ከባነሩ የሚወጣ ቁጥር አልነበረም። አንዲቱ ቁጥር እንኳ ከባነሩ ውጭ ብትወድቅ ኖሮ ትጠረጥሪ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ይህን አውቀው ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም ገልብጬው ማሽኑ ደህናውን ሴራሚክ ሲሰብር ዋለ። በዚያው ላይብረሪ ውስጥ እንኳ ነጥብ ሲጠራ ረድፉ ይቀድማል፣ ክብ ሲሳል ደግሞ ወደ ቀኝ ያለው ይቀድማል፤ በየቀኑ ነው የምንጠነቀቀው። ለአንቺ ስጽፍ ስለ ዜሮዋ አስጠነቀቅኩሽ። አንዲት ነጥብ ብትሳሳቺ አንድ ክንድ አይሞላም። ስለ ትልቁ ግን ዝም አልኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ራሴን ይዞት ነበር፣ ቸኩዬም ነበር። ይህ ምክንያት እንደማይሆን አውቃለሁ።

ከትናንት ጀምሮ እደውላለሁ። «ሊያገኟቸው አይችሉም» ትላለች ሴትዮዋ። ለሀስና ልኬአለሁ፣ ዘካሪያስ ጋ ታደርሳለች። ለሌላ ሾፌርም ቅጂ እንድትሰጥ ለምኛታለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ወጡ» በይኝ።

መንሱር


ኮንያ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016

እታለም፣ አላህ ይጠብቃችሁ።

መልስ የለም። ሀስና መንገዱ ከተዘጋ አራት ቀን እንደሆነው፣ ዘካሪያስ ደሴ ላይ እንደቆመ ነገረችኝ። ደብዳቤዬ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እዚያ ተቀምጧል፣ እናንተ ሾላው ሥር ናችሁ።

እዚህ የሳተላይት የደመና ምስል አያለሁ። ከላስታ ተራሮች በላይ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ነጭ ሆኖ ይቆለላል። ሲበተን እተነፍሳለሁ። በማግሥቱ እንደገና ይቆለላል። ፋብሪካ ውስጥ አለቃዬ «ታመሃል ወይ?» ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ቤት መቀመጥ ባሰብኝ።

ግራጫውን ምስል ደግሜ ሠራሁት፣ ምናልባት ፕሮግራሙ ራሱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። አልተሳሳተም። ሠርቶ የሰጠኝ ሁሉ ልክ ነው።

ለአባባ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸው አላውቅም። እኔ ነኝ በያቸው። የእኔ ስም ይነሣ።

መንሱር


ቆቦ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016

በአላህ ስም፣ ሁላችንም የእሱ ነን፣ ተመላሾችም ወደ እሱ ነን።

ወንድሜ መንሱር፣ አላህ ልብህን ያጽናው። ተቀምጠህ አንብብ። በቅደም ተከተል ልነግርህ እፈልጋለሁ፣ ወደ መጨረሻው አትዝለል።

የሐምሌ ስድስቱ ደብዳቤህ ሐምሌ 24 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ዘካሪያስ ራሱ ከመናኸሪያ እየሮጠ አመጣው፤ ሀስና ‹እጇ ላይ ሳታደርስ ውሃ እንዳትጠጣ› ብላ አስምላው ነበር። እዚያው በራፌ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛውን መስመር ሳነብ ቀና ብዬ ወደ ምዕራብ አየሁ። ደጋው አይታይም ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው።

በባጃጅ ሮቢት ከተማ ደረስኩ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ በእግሬ። ስሮጥ የማስበው ውሃውን አልነበረም። ሰው ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ» ማለቱን ነበር የምፈራው። ይህን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? አንድ ጊዜ «ምናልባት ዛሬ ላይመጣ ይችላል፣ ነገ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብዬ እርምጃዬን አቀዘቀዝኩ። ከዚያ ኢቅራ ትዝ አለችኝና ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ወንዙን ስሻገር ወለሉ ደረቅ ነበር። አባ ሾላው ሥር ሰዎቹ ጎጆ ሲያጥሩ ያግዛል። ጠርቼ ለብቻው ልነግረው ነበር፤ ግን ከሩቁ ስጮህ ሁሉም ሰማ።

«ገልብጬ ለክቼዋለሁ። ውሃው የሚሰብረው እዚህ ነው። ቁጥሮቹ የዚህ ቦታ ናቸው።»

አንዱ «አላገጥሽብን?» አለ። ሌላው «ያን ጊዜ ውጡ አላችሁን፣ ወጣን። አሁን ደግሞ ተመለሱ? ነገ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይመጣል!» አለ። አልፈረድኩበትም። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ «አንቱ የውሃ አባት፣ ምን ይላሉ?» አለች አባን።

አባ ወደ እኔ ዞረ። «የመንሱር ወረቀት ምን ይላል?»

«ወረቀቱን ተወው አባ። ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንተ ምን ትላለህ?»

አባ ወደ ዳርቻው ሄዶ ቁጢጥ አለ። መዳፉን አፈሩ ላይ አኖረ፣ ወደ ደጋው አየ፣ ማዶ ያለውን ዳርቻ አየ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሲነሣ ድምፁ ለእኔ እንኳ አዲስ ነበር።

«ስሙኝ። አምና ‹አይመጣም› ብያችሁ ልጅ ገድያለሁ። ዛሬ ይመጣል አይመጣም አልላችሁም፣ አላውቅም። ግን ፈርቻለሁ። ከእኔ ጋር የፈራ ይከተለኝ።»

መጀመሪያ የተነሣችው ኢቅራ ናት። አንድ ጆንያ እንኳ አላነሣችም። ባዶ እጇን ወንዙ ውስጥ ገባች። እሷ ስትገባ ሌላው ተከተለ።

ግማሹ ሰው ሳይሻገር ወለሉ ላይ ቀይ ውሃ መጣ፣ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ፣ ቅጠልና ፍግ የተሸከመ። ያ የፊተኛው ነው፤ አባ «ከኋላው ያለውን ነው የምትፈሩት» እያለ ልጆቹን በክንዳቸው እያነሣ ያሻግር ነበር። ፍየሎቹ አንሻገርም ብለው ጮኹ። እኔ ሁለት ልጆች ይዤ ተሻገርኩ፣ ተመለስኩ፣ ሌላ ሁለት ይዤ ተሻገርኩ። በመጨረሻ ማዶ ቆመን ስንቆጥር አሥራ ሦስት አባወራ ነው። እማማ ደመቀች የሉም። ላማቸው በዚያች ሰዓት ትወልድ ነበርና «ትታኝ አልሄደችም፣ ትቻት አልሄድም» ብለው ጎጆው ውስጥ ቀርተዋል።

አባ ልብሱን ወደ ላይ ሰበሰበ። እጁን ያዝኩት። «እኔ ልሂድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት።

ያለኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፣ ድርሻህ አለበትና። «አምና እኔ ስሳሳት የነገረኝ ውሃው ነው። አንቺን ግን የነገረሽ ወንድምሽ ነው፣ እነዚህ ሁሉ ሳይሞቱ። አመስግኚልኝ» አለኝ። ከዚያ እጁን ከእጄ አስለቀቀ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ነበር። ወጣ፣ ወደ ጎጆው ሲገባ አየሁት።

ድምፁ ቀድሞ መጣ። መሬቱ እግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ውሃው ሲታጠፍ አየነው፤ ዛፍ ከነሥሩ ቆሞ እየመጣ ነበር። አንተ በጻፍከው ቦታ፣ ልክ በዚያ፣ ዳርቻውን እንደ ዳቦ ቆረሰና ሾላው ሜዳ ላይ ተዘረጋ። አሥራ አራቱም ጎጆ ዓይናችን እያየ ሄደ። እኛ በቆምንበት በኩል፣ ደረቁ ቦይ ውስጥ፣ ጠብታ አልገባም።

እማማ ደመቀችን በማግሥቱ ከሾላው ላይ አወረድናቸው። አባ ትከሻው ላይ አቁሞ ወደ ቅርንጫፉ ገፍቷቸዋል። «ና ውጣ አልኩት። ‹እርስዎ ይጠንክሩ፣ እኔ ከታች ነኝ› አለኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም» ይላሉ። እኔ እሱ እንዳልፈራ አላምናቸውም። ፈርቶ ነበር፤ ማዶ ሲቆም እጁን ይዤው ነበርና አውቃለሁ። ፈርቶም ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አባን ከታች በኩል ወንዙ የጣለው አሸዋ ላይ አገኘነው። አጥበን፣ ሰግደን፣ ቀበርነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ቀብሩ ላይ ነበር። እማማ ደመቀች ከመቃብሩ አልነሣም ብለው ተሸክመን ነው የወሰድናቸው። የሐምሌ 15ቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። «የእኔ ስም ይነሣ» ብለህ ነበር። ስምህ ተነሥቷል፤ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው፣ አንተ ምን ሳትጽፍ እንደቀረህ፣ እኔ ሳልጠይቅ እንዴት እንደለካሁ። አንዳንዱ ከእኔ ጋር አይነጋገርም። አንዳንዱ ሲያገኘኝ ግንባሬን ይስመኛል። ሁለቱንም መቻል አቅቶኛል።

አዲስ አበባ ላለችው እናትህ ስትነግራት አንተ ብቻ ነህ ብለህ አትንገራት፣ እኔ ብቻ ነኝ ብለህም አትንገራት። እንዳለ ንገራት። መነጽሩን ገዝተህ ከሆነ መልሰው።

ባነሩ እኔ ዘንድ ነው። ትናንት እንደገና ዘረጋሁት፣ ረድፉን አስቀድሜ፣ ዓምዱን አስከትዬ አራቱንም በቀይ ጻፍኳቸው። ግን ወንዙ አሁን ያ ወንዝ አይደለም። በሾላው በኩል አዲስ መንገድ አውጥቷል፤ የመስከረሙ ምስል ይህን አያውቅም። ክረምቱ ገና አንድ ወር አለው። ዛሬም ደጋው ላይ ጠቁሯል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ኢቅራ መጣች። ከጎርፉ ወዲህ አንድም ቀን አላናገረችኝም ነበር። በራፉ ላይ ቆመችና «የት እንስፈር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

አልሄደችም። «እኔም አላውቅም። ሄደን እንየው» አለች።

ጫማዬን እያደረግኩ ነው።

ሰልዋ